ከጋዝጊብላ እስከ ኮርክ አምስት ቤት

ለተሥላሴ የምትባል ሴት አልነበረችም። ነበረች ያልኩት እኔ ነኝ። የወለድኳት ሰቆጣ፣ ውዴ ጠላ ቤት፣ በገበያ ቀን፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጣሳ መካከል ነው። ምጥ እንኳ አልያዘኝም።

ይህን በጽሑፍ የማስቀምጠው በአፌ ብናገረው የሚያምነኝ ስለሌለ ነው። ስሜ ምሳው ካሳ ይባላል። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተውኩት፤ እውነቱን ከተናገርኩ እሱ ነው የተወኝ። ሰቆጣ ገብታችሁ «ቀደዳው ምሳው የት ነው?» ብትሉ የመጀመሪያው ባጃጅ ነጂ ያደርሳችኋል። ጅብ ከነሚስቱ ባጃጅ ተሳፍሮ ሆስፒታሉ በር ላይ ወረደ ብዬ፣ አንድ ሰሞን የከተማውን ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ያስገባሁት እኔ ነኝ። እስከዚያ ድረስ ውሸቴ ሰውን አስቆ ወይ አስፈርቶ በማግሥቱ ይሞት ነበር። ለተሥላሴ ግን አልሞት አለች።

ነገሩ የመጣው ከዶናል ነው። ዶናል አየርላንድ ከሚባል አገር፣ ኮርክ ከምትባል ከተማ የመጣ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። የኛ በር ሁሉ የሚያጎነብሰው፣ ፀሐይ ስታገኘው ፊቱ እንደ በርበሬ የሚቀላ ሰው ነው። እኔ መሣሪያ ተሸካሚ ሆኜ ከጥገና ቡድኑ ጋር ገባሁ። ያስገባችኝ ፅዮን ናት። ፅዮን የጋዝጊብላው የአያ ደግሰው ልጅ ናት። እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠናል፤ እሷ ቀጥላ የውኃ ሙያ ተምራ የጥገናው ኃላፊ ሆነች። እኔን ለመቅጠር ሲያመነቱ፣ «ለምሳው እኔ ዋስ ነኝ፤ አፉ እንጂ እጁ አይዋሽም» አለቻቸው። ይህን ቃሏን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ጆሮዬ ይግላል።

ዶናል የሚናገረው እንግሊዝኛ እኔ ከትምህርት ቤት የሸሸሁትን ዓይነት አይደለም። የኮርክ የመንገድ እንግሊዝኛ ነው። መፍቻ ሲፈልግ ስሙ ይጠፋውና «ያንን ዮክ አቀብለኝ» ይላል። ዮክ ማለት የኛ «እንትን» ነው። ወንዱን ሁሉ «ፊን» ይለዋል። ቂሉንና ነገር አበላሺውን «ላንገር» ይለዋል፤ ሌላም ትርጉም አለው፣ እሱን ሰው ፊት አልጽፈውም። የማስመሰል ነገር ደግሞ «ሞኪያ» ነው። ልጆች ጭቃ ጠፍጥፈው ዳቦ ነው ሲሉ፣ ያ ሞኪያ ዳቦ ነው። እኔ ይህቺን ከሁሉ ወደድኳት። ለኔ የተሰፋች ቃል መሰለችኝ።

ምሳ ላይ አረፍ ስንል እጠይቀዋለሁ፣ ፅዮን ትተረጉማለች።

«ፊን ከየት መጣ?»

«በአገራችን በጋሪ እየዞሩ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ድሮ ቆርቆሮ ይጠግኑ፣ ፈረስ ይነግዱ ነበር። የራሳቸው የምሥጢር ቋንቋ አላቸው። ከነሱ ወደ ከተማው ልጆች የገባ ነው ይባላል።»

«ላንገርስ?»

«የኮርክ ወታደሮች በእንግሊዝ ጦር ሕንድ ዘምተው ጅራተ ረጅም ዝንጀሮ አዩ። የዝንጀሮውን ስም ይዘው ተመለሱ የሚል አለ።»

«እውነት ነው?»

«ማን ያውቃል!»

«ሞኪያስ?»

«አያቶቻችን የሚናገሩት ሌላ ቋንቋ ነበር፤ እንግሊዝኛ ሳይውጠው በፊት። ከዚያ የተረፈች ናት ይላሉ። የለም፣ ማሾፍ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ናት የሚሉም አሉ።»

«ዮክስ?»

ዶናል ትከሻውን ሰበቀ። «አላውቅም።»

ፅዮን ከአያቷ ጋር በዋጉ ቋንቋ በኽምጣኛ ያደገች ናትና፣ ስለተዋጠው ቋንቋ ባወራ ቁጥር እህል በእጇ እንደያዘች ትቀራለች። ፍቅራቸው እዚያ ላይ የተጀመረ ይመስለኛል፤ ይኸኛው ግምት ነው እንጂ ቀደዳ አይደለም። እኔን ግን ያ «ማን ያውቃል» እንደ ቁንጫ ያሳክከኝ ነበር። ወሬን አፋፍ ላይ አድርሶ መተው ምን ይባላል? በሬን ውኃ ዳር አድርሶ ሳያጠጡ መመለስ ነው። ዶናል ያላጠጣውን እኔ ላጠጣ ተነሣሁ።

በዚያ ገበያ ቀን አያ ደግሰው ከጋዝጊብላ በእግራቸው መጥተው፣ ማራቸውን ሸጠው፣ ውዴ ጠላ ቤት አረፍ ብለዋል። አጠገባቸው የመንደራቸው ሰው እሜት የትናየት አሉ፤ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ጉልበታቸው እንጂ አፋቸው ያልደከመ እናት ናቸው።

«አንተ ምሳው» አሉኝ አያ ደግሰው፣ «ያ ቀይ ሰውዬህ ሰኞ እኛ ዘንድ ይመጣል አሉ።»

«ይመጣል፣ አያ። ፓምፓችሁን ሊጠግን።»

«አይነካትም! ያለፈው ጠጋኝ ነኝ ብሎ መጥቶ፣ ፈታትቶ፣ ጭኖ እንደሄደ ቀረ። ዓመት ሙሉ ወንዝ ወረድን። ልጄም ብትሆን ይዛው ብትመጣ በዱላ ነው የምቀበላት። ባዳ እጁን አያስገባም ብያለሁ።»

«እሱ እኮ ባዳ አይደለም።»

«ታዲያ ምናችን ነው? የክርስትና ልጃችን?»

እዚህ ላይ አፌን መዝጋት እችል ነበር። ጣሳው ከንፈሬ ላይ ነበር እኮ፤ መጠጣት ብቻ ይበቃ ነበር። አስቀመጥኩት።

«ዘመዳችሁ ነው።»

ውዴ ከጓዳ፣ «እሰይ፣ ጀመረው!» አለች።

«ዝም በይ ውዴ፣ ይሄ ቁም ነገር ነው። አያ፣ እስቲ ቤትዎን ይቁጠሩልኝ።»

በዋግ አንድን አባወራ ዘርህን ቁጠር ማለት፣ እንካ ጉረስ እንደማለት ነው። አያ ደግሰው ጋቢያቸውን አስተካከሉና አባታቸውን ትእዛዙን፣ አያታቸውን ዓለምብርሃንን እያሉ ወደ ላይ ወጡ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ «እዚያ ላይ ይቁሙ!» አልኩ። ለምን አምስት? አላውቅም። ሰባት ብል ቅዱስ ቁጥር ሆኖ ያስጠረጥራል ብዬ ይሆናል።

«እኒህ ሰው እህት ነበረቻቸው። ለተሥላሴ ትባላለች። ከሲራራ ነጋዴ ጋር ምፅዋ ወርዳ፣ መርከብ ተሳፍራ ኮርክ ገባች። እዚያው ወለደች ከበደች። የኮርክ ሰው እስከ ዛሬ ከሷ አፍ የቀሩ ቃላት አሉት፤ ምንጫቸውን ራሱም አያውቅም፣ ዶናልን ጠይቁት። ዮክ ይላል። ዮክ የጥንት ኽምጣኛ ነው። አሁን ጠፍቷል።»

አላውቀውም የሚል አልተገኘም። የጠፋ ቃል አላውቅም ማለት አያት አልነበረኝም እንደማለት ሆነባቸው መሰለኝ። ጥግ የተቀመጠ አንድ ሰው እንዲያውም፣ «አያቴ ሲሉ... አዎ፣ የሰማሁ ይመስለኛል» አለ።

እሜት የትናየት በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። «ለተሥላሴ? ጥርሰ ፍንጭቷ አይደለችም?»

«እሷው ናት፣ እሜት!»

«እናቴ ታነሣት ነበር። ሄዳ ቀረች፣ ሄዳ ቀረች እያለች።»

እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ለአፍታ ያህል እውነት የኖረች መሰለኝ።

ሰኞ ዕለት ጋዝጊብላ ስንደርስ ዱላ አልነበረም። ዶናል ከጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋና «ያንን ዮክ» ሲል፣ አጠገቡ የቆሙ አንድ ሽማግሌ በጣቱ ያመለከተውን መፍቻ አንሥተው ሰጡት። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው! «ቃሉን ሰሙት! ቃሉን ሰሙት!» ተባለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከሰዓት በኋላ ፓምፑ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ውኃ ሲተፋ፣ አያ ደግሰው አንድ ገንቦ ነጭ ማር አምጥተው «ለወገኔ» ብለው ለዶናል አስታቀፉት።

ፅዮን ጎትታ ወሰደችኝ። «ምን ብለሃቸው ነው?»

ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ላንገር!» አለችኝ። እሷም ዝም አለች፤ ዶናልም ለምን እንደተሰጠው ሳይገባው ማሩን ታቅፎ ቆመ። ውሸት ውኃ ሲያወጣ ማን አቁም ይላል?

በሐምሌ ሥላሴ አያ ደግሰው እንደ ዓመቱ ልማድ ለአያቶቻቸው ዝክር አወጡ። እኔም ተጠርቼ ነበር። ካህኑ የሙታኑን ስም እየጠሩ ሲጸልዩ፣ ከትእዛዙና ከዓለምብርሃን ቀጥሎ «ነፍሰ አመትከ ለተሥላሴ» አሉ። አያ ደግሰው በጆሮዬ፣ «አስገባኋት። ባሕር ማዶ ያለ ፍትሐት የቀረች ነፍስ ናት፣ ታሳዝናለች» አሉኝ። ዳቦ ጎርሼ ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ቀና ብዬ «የለችም» ማለት ነበረብኝ። ዳቦውን ዋጥኩት።

ሁለት ዓመት አለፈ። ዶናል ተጠመቀ፤ ወልደ ሚካኤል ተብሎ የንስሐ አባት ያዘ። ፅዮንን ለማግባትም በወጉ ሽማግሌ ላከ። አባቱ ኮርክ ናቸውና፣ በአባቱ ፋንታ የሰቆጣው አያ መንግሥቴ ሽማግሌዎቹን መሩ። በኛ ዘንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይሄዳል። የመጀመሪያው ለወጉ እምቢ ይባላል፤ በሁለተኛው ዘር ይቆጠራል፤ በሦስተኛው ይቆረጣል። በሦስተኛው እምቢ ከተባለ አራተኛ የለም። ሦስተኛው ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ ተቀጠረ፤ የዶናል የሥራ ውል ደግሞ በፋሲካ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ባዶ እጁን ወደ አገሩ መሄድ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ሽማግሌዎቹን መንገዱ እስኪያልቅ በኪራይ ባጃጅ አድርሼ፣ አብሬ በእግር ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ። ዘር የሚቆጥሩት አያ ገብረ አምላክ ናቸው። ከሳቸው አፍ «ንጹሕ ነው» የሚል ቃል ሳይወጣ በዚያ አገር ሙሽራ ከቤት አይወጣም። ዝምድናው ሰባት ቤት ካልሞላ፣ ጠላው ቢጠመቅም ይደፋል።

«የሙሽራው ወገን ይቆጠር» አሉ።

አያ መንግሥቴ ሳቅ አሉ። «አያ ገብረ አምላክ፣ ሙሽራው የኮርክ ሰው ነው። ምኑን እንቆጥራለን? መካከላችን ባሕር አለ።»

«ባሕሩንማ ለተሥላሴ ተሻግራዋለች።»

ሳቁ ቆመ።

«በዝክር የምንጠራት ለተሥላሴ ለደግሰው አምስተኛ ቤት ናት። ልጁ ከሷ የወጣ ነው ብላችሁ ጉድጓድ አስከፈታችሁት፣ ማር አስታቀፋችሁት። ያን ጊዜ ወገን የነበረ ዛሬ ባዳ ይሆናል? ከፅዮን ስንነሣ ስድስት ነው።»

«ስድስት እኮ፣ አያ...»

«ስድስት ሰባት አይደለም።»

አያ ደግሰው ግንባራቸውን ጠረጉ። «እርስዎ ግን ያውቋታል? ከቆጠራው አለች?»

«አላውቃትም። ሴት አግብታ ከወጣች ከቆጠራ ትወጣለች፤ እኔ የማላውቃት ብዙ ናት። የማላውቃት ሁሉ አልነበረችም ብል ግን ዋሸሁ። ዘመድን ከዘመዱ አላጋባም። ዝምድናውን የሚያፈርስ ካለ እስከ እሑድ ያፍርሰው።»

ከውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ዕቃ ወድቆ ተሰበረ። ፅዮን እዚያ እንደነበረች ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

በማግሥቱ ሰቆጣ መሣሪያ ቤት አገኘችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ምሳው፣ ዋስ የሆንኩልህ ትዝ ይልሃል?»

«ይለኛል።»

«እኔም ስቄ ዝም ብያለሁ። የኔን ድርሻ ትናንት ለአባቴ ነገርኩት። ‹ለባል ብለሽ ዘርሽን ካድሽ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኝም።»

«ዶናልስ?»

«ጥፋቴ ምንድን ነው እያለ ይጠይቀኛል። ምን ልበለው? የሱ ጥፋት ስለ ቃላቱ ስትጠይቀው አላውቅም ማለቱ ብቻ ነው።» መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ሳጥን ውስጥ ደረደረች። «ያንተን ድርሻ አንተ ታውቃለህ።»

ያንኑ ቀን ጋዝጊብላ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰማምር ቆየሁና፣ አያ ደግሰው ማሳቸው ዳር ድንጋይ ሲክቡ ሳገኛቸው ሁሉም ጠፋኝ።

«አያ፣ ለተሥላሴ የለችም። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

ቀና እንኳ አላሉም። «ፅዮን ናት የላከችህ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ምሳው፣ አንተ ጅብ ባጃጅ ተሳፈረ ያልክ ሰው ነህ። ያንን አላመንኩህም። ለተሥላሴን ግን እሜት የትናየት መሰከሩላት። ቃሏን ሽማግሌው ፓምፑ ላይ ሰሙት። ካህኑ ጠሯት። አሁን ብቻህን መጥተህ የለችም ትለኛለህ። የትኛውን ልመን? ምስክር ያለውን አምናለሁ።» ድንጋዩን አስቀመጡ። «ይልቅ ሂድ። አሁንስ አስጠላኸኝ።»

እሜት የትናየት ቤት ሄድኩ። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ነገርኳቸው።

«እናቴን ውሸታም ልትላት ነው የመጣኸው?»

«እናትዎን አይደለም፣ እሜት። እኔ ነኝ ውሸታሙ።»

«ሄዳ ቀረች ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ስታለቅስ ነበር። አንተ የት ነበርክ ያኔ?» ምርኩዛቸውን ፈለጉ። እንዳይነሡ ብዬ እኔው ወጣሁ።

ወደ ሰቆጣ ስወርድ የፈጠርኳት ሴት ምን ያህል ሰው እንዳላት ቆጠርኩ። ዘመድ አላት፣ ምስክር አላት፣ የሚጸልይላት ካህን አላት። እኔ ግን እውነት ተናግሬ አንድ የሚያምነኝ አጣሁ። እንዳትስቁብኝ፤ ቀናሁባት።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰቡ። እኔ ሳልጠራ ገብቼ መሐል ቆምኩ።

«ልናገር» አልኩ።

«ውጣ አንተ!» አለ አንዱ። «ሽምግልና እኮ ነው፣ ጠላ ቤት መሰለህ?»

«ይናገር» አሉ አያ ገብረ አምላክ። «ያሰረው እሱ ነው ከተባለ፣ ሲፈታው እንይ። ለተሥላሴን ከማን ሰማህ?»

«ከማንም አልሰማሁ። ከሆዴ ነው ያወጣኋት።»

«ቃላቱስ? ላንገር የሚሉት ከየት መጣ?»

«ከሕንድ ዝንጀሮ ስም ነው የሚል አለ። እርግጠኛ ሰው የለም።»

«ዮክ?»

ምላሴ ላይ ሦስት መልስ መጣ። ሦስቱም ያምሩ ነበር። አንደኛውማ በሬና ቀንበር ሁሉ ያለበት ነበር፣ ለዚያ ቤት የተመቸ። እንደ መራራ መድኃኒት ዋጥኳቸው።

«አላውቅም።»

ከጥግ ሳቅ ተነሣ። «ምሳው አላውቅም አለ! ቀኑን ጻፉት!»

አያ ገብረ አምላክ አልሳቁም። «ይህም ብልሃት ሊሆን ይችላል» አሉ። ወደኔ ዞሩ። «እስቲ ቤትህን ቁጠርልኝ።»

«የኔን?»

«ያንተን።»

ይህን አልጠበቅኩም። በኛ አገር የአሥር ዓመት ልጅ ሰባት ቤቱን ይቆጥራል። ያልቻለ ሰው የመንገድ ዳር ግራር ነው፣ ማን እንደተከለው አይታወቅም ይሉታል። አባቴ ካሳ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከሰሃላ በሰው ጀርባ ታዝሎ ሰቆጣ የገባ ሕፃን ነበር። ያዘለው ሰው ማን እንደሆነም አያውቅም። የሚያውቀው የአባቱን ስም፣ ሰማኸኝን፣ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ስጠየቅ አፍሬ አላውቅም፤ ፈረሰኛውን፣ ነፍጠኛውን፣ ደብተራውን እያልኩ ሰባት አያት በየገበያው አሰልፋለሁ። በየጊዜው ይለዋወጣሉ፤ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

«ምሳው» አልኩ። «ካሳ። ሰማኸኝ።»

ቆምኩ።

«ከዚያስ?»

«አላውቅም፣ አያ።»

«ባለፈው ዓመት ገበያ ላይ ሰባት ስትቆጥር ሰምቼሃለሁ።»

«እነሱም የፈጠርኳቸው ናቸው። ከሰማኸኝ በላይ ማንንም አላውቅም።»

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ያ ጥግ የነበረው ሰው እንኳ ዐይኑን መሬት ላይ ጣለ። እኔም ጣልኩ። እግሬ ላይ አቧራ ነበር፤ እሱን ስቆጥር ቆየሁ።

አያ ገብረ አምላክ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ስሙ። ሰው ለጌጥ ይዋሻል፣ ለጥቅም ይዋሻል። ዘር የለኝም ብሎ በሽማግሌ ፊት ራሱን ለማዋረድ የሚዋሽ ግን በዕድሜዬ አላየሁም። ይህ ልጅ የራሱን አራተኛ ቤት አያውቅም። እኔ የማላውቃትን የደግሰውን አምስተኛ ቤት እህት ታዲያ ከየት ያውቃታል? ፈጥሯታል። ሙሽራው ባዳ ነው።» ከዚያም ያንን ቃል አወጡ። «ንጹሕ ነው።»

ከመጋረጃው ጀርባ እልልታ ተነሣ። አያ መንግሥቴ ተነሥተው የአያ ደግሰውን ጉልበት ሳሙ። ጠላ ቀረበ። እኔ በዚያ ግርግር ወጣሁ። አያ ደግሰው ግን አጥሩ ጋ ደረሱብኝ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አያ።»

«ይቅር ይበልህ። ግን እወቅ፣ ያመንኩህ ቂል ሆኜ አይደለም። ወድጃት ነው። ባሕር ማዶ ወገን አለኝ ስል ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሠርጉ ከዳግማዊ ትንሣኤ በኋላ ሆነ። ዶናል አንገቴን አንቆ ሳመኝና «ላንገር!» አለኝ፤ እሱ እንደሁ ቂም አያውቅም። ፅዮን በሙሽራ ልብሷ ሳመችኝ፣ ሳቀችልኝም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ዋስነቴን ግን አንሥቻለሁ፣ ምሳው» አለችኝ። በማግሥቱ ሌላ መሣሪያ ተሸካሚ ቀጠሩ። ያባረረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ግንቦት ሲያልቅ ሁለቱ ወደ ኮርክ ሄዱ።

ልብ በሉ። ለተሥላሴን የሰደድኳት በዚያው መንገድ ነበር። ከዚያው ቤት፣ ወደዚያችው ከተማ።

አያ ደግሰው የለተሥላሴ ስም ከዝክሩ እንዲወጣ ካህኑን ጠይቀው ነበር አሉ። እንዳይወጣ ያደረጉት እሜት የትናየት ናቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ለኔም ነገሩኝ፤ ፊታቸውን አዙረው። «እናቴ ሄዳ ቀረች የምትላት ሴት ነበረች። ስሟን አልነገረችኝም ነበር። አንተ ስም ሰጠኻት። አሁን መልሰህ ልትነጥቀኝ ነው?» ስሟ ከዝክሩ ሳይወጣ ቀረ።

አያ ገብረ አምላክም ወደ ሰሃላ መልእክት ልከዋል፤ ሕፃን ልጁ በድርቁ ጊዜ የጠፋበት ሰማኸኝ የሚባል ሰው ያውቁ እንደሆነ። እስካሁን መልስ የለም። እግረኛ ከሰሃላ መጣ ሲሉኝ ግን የያዝኩትን ጥዬ እሮጣለሁ።

በዚህ ሐምሌ ሥላሴ ዝክሩ ላይ ነበርኩ። ይጠሩኛል ብዬ አልጠበቅኩም፤ አያ ደግሰው ግን ጠሩኝ፣ አጠገባቸውም አስቀመጡኝ። ዳቦ በእጄ ይዣለሁ፣ አልጎረስኩም። ካህኑ ትእዛዙን ጠሩ፣ ዓለምብርሃንን ጠሩ። «ነፍሰ አመትከ ለተሥላሴ» አሉ። ባዶ ስም ነው ብዬ ዝም ልል ነበር፤ ከወዲያ የእሜት የትናየትን «ይማርሽ» ሰማሁና እኔም «ይማርሽ» አልኩ።

አያ ደግሰው ወደኔ ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ድምፅ ሆኖብኛል።

«ምሳው፣ ልጄም እንደሷ ሄዳ ትቀር ይሆን?»

ምን እንደሚፈልጉ አውቄዋለሁ። አፌ ላይም መጥቶ ነበር፤ ኮርክ ውስጥ በየሦስት ዓመቱ ሴት ልጅን ወደ አባቷ ቤት የሚመልስ መርከብ እንዳለ፣ ደወሉ እንዴት እንደሚደወል፣ ስንት ሰንደቅ እንደሚሰቀልበት። ቢሰሙት ያን ቀን እህል ይበሉ ነበር።

«አላውቅም፣ አያ» አልኳቸው።

ዳቦዬን ቆርሼ ግማሹን እጃቸው ላይ አደረግኩላቸው። ይዘውት ቆዩ።